ሰው ሳይፈጠር የቆመው ዝማሬ

ከአዲስ አበባ ስነሣ ሐሳቤን ጨርሼ ነበር። የእህቴ ልጅ ጽጌ ጎባ የሙዚቃ መምህርት ናት። የአንድ ሟች መሪጌታን ጅምር ዝማሬ ጨርሳ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልታሰማ ጠራችኝ። ዝማሬው ስለ ፍጥረት ነው። መሪጌታው የሰባቱንም ቀን ቃል ጽፈዋል፤ ከቃሉ በላይ የሚሰፈሩትን ትናንሽ የዜማ ምልክቶች ግን እስከ አራተኛው ቀን ብቻ አድርሰው ሞቱ። ብርሃን አለ፣ ተክል አለ፣ ፀሐይና ጨረቃ አሉ፤ ሰው የለም። በእኔ ግምት ፍጥረትን ለማቆም ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ይህንኑ የሚል ጽሑፍ አጋምሼ በቦርሳዬ ይዤ ተሳፈርኩ።

ጽጌ በደብዳቤዋ፣ «ጋሼ፣ መተቸትዎ እንደሆነ አይቀርም፤ ቢያንስ ሰምተው ይተቹ» ብላኛለች።

ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ

የመጀመሪያውን ቀን ሻሸመኔ አደርን። በማግስቱ ከዶዶላ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ሆነና ሁለት ጊዜ ወርደን አውቶቡሱን ገፋን። ዲንሾ ላይ ቁሩ አጥንት ይሰብራል። አሥር ሳንቲም ከፍዬ የጠጣሁት ሻይ ጣቴን እንጂ ሆዴን አላሞቀም። አጠገቤ የተቀመጡት የጊኒር ከብት ነጋዴ ሐጂ አደም በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄታቸውን፣ ጩኮ የሚሉትን፣ ከፈቱና ግማሹን ወደ እኔ ገፉት።

«ጎባ በምን ጉዳይ ነው?»

«ሟች የጀመሩትን ዝማሬ ሌላ ሰው ጨርሶታል። መጨረስ አልነበረበትም ልል ነው።»

«ለዚህ ነው ሁለት ቀን የሚንገላቱት? ወላሂ፣ የከተማ ሰው ሥራ አያጣም!» ብለው ሳቁ። «ሰው ግድግዳ አቁሞ ቢሞት ጎረቤቱ ጣሪያ አይከድንለትም?»

«ጣሪያው ቢያፈስስ?»

«ያኔ ይሰደባላ! ባዶ ግድግዳን ማን ይሰድባል?»

ጩኮዬን አላመጥኩ። ሲናና የሚሉት ሜዳ ስንዴና ገብስ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቶ ነበር። ሮቤ ላይ ሐጂ «ነጋቲ!» ብለው በኦሮምኛ ተሰናብተውኝ ወረዱ፤ ቀሪውን ጩኮ ጭኔ ላይ ትተውልኝ።

ጎባ

ጽጌ ከስታ ጠበቀችኝ። ልምምዱን ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። የሟቹ ደቀ መዝሙር የኔታ ክንፈ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ብራናው የእሳቸው ነው፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ዜማ ጠንቅቆ የሚያውቅም ከእሳቸው በቀር የለም። እሳቸው ይመራሉ፣ ተማሪዎቹ ይቀበላሉ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ያለው የጽጌ ሥራ ነው፦ በአራራይ ዜማ ላይ የተመሠረተ፣ በሦስት ድምፅ የሚዘመር፣ ቃሉ ከግዕዝ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ አኮርዲዮን የሚያጅበው።

የኔታ አኮርዲዮኑን ጥቂት ሰሙና ፊታቸውን አዞሩ። «ልጄ፣ ዜማ በእግሩ ይሄዳል እንጂ በወታደር ሰልፍ አይሄድም።»

«ታዲያ ያርሙኝ፣ የኔታ።»

«መምህሬ ያላስተማረኝን አላስተምርም፤ ያላስተማርኩትንም አላርምም። አራተኛው ቀን ሲያልቅ በሩ የት እንደሆነ አውቃለሁ።»

ከሄዱ በኋላ ጽጌ፣ «እሳቸው ከወጡ ካህናቱም ይወጣሉ፣ ጋሼ፤ ብራናውም ሣጥን ይገባና ሁለተኛ አይከፈትም» አለችኝ። የሰባት ወር ልፋቷ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አላነሣሁባትም።

አዳራሹ

እሑድ ከቀትር በኋላ ከሳነቴ ተራራ የወረደው ጉም በመስኮቱ ይታያል። ካህናቱ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ወላጆች፣ ፖሊሶችና የጽሕፈት ቤት ሰዎች ከኋላ። የኔታ መሩ። ያ ደቃቃ ሽማግሌ ብርሃን ሲፈጠር አዳራሹን በድምፃቸው ሞሉት። ብዙ ዝማሬ ሰምቻለሁ፣ በአብዛኛው አንቀላፍቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ሳላስበው ቆሜ ነበር።

ጨረቃ ተፈጠረች፣ ከበሮው ቆመ። የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሄዱ። ሁለት ካህናት ተከትለው ሊነሡ ወንበራቸውን አንቋቁ።

ሴቶቹ አምስተኛውን ቀን ጀመሩ። አኮርዲዮኑ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ ይዞ ቀረ፤ ጽጌ የሰልፉን ስድብ ሰምታ ኖሯል። ወፎቹ ሲፈጠሩ ወንዶቹ ተጣደፉ።

ጓ! ጓ! በሩ ላይ መቋሚያ ወለሉን መታ።

«መልሱ!»

ዝማሬው ተቋረጠ። ጽጌ እጇን እንደዘረጋች ደነገጠች።

«ወፎቹ ሳይነሡ አረፉ! መልሱ!» አሉ የኔታ።

ሰዉ ሳቀ። ተማሪዎቹ መለሱት። መቋሚያው እንደገና መታ፤ እንደገና መለሱት። በሦስተኛው ግን ወፎቹ ተነሡ፤ መቋሚያውም ዝም አለ። የኔታ ተደግፈውት፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን እስኪያልቅ ከበሩ ንቅንቅ አላሉም። ካህናቱ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። ሰባት ወር የለፋችበት ሥራ በሕዝብ ፊት ሦስት ጊዜ ሲዘመር፣ የእህቴ ልጅ በደስታ ስታለቅስ አየሁ። ያላስተማሩትን የማያርሙት ሰው አርመዋታልና።

በኋላ ብራናውን ዘርግታ፣ «የኔታ፣ ምልክቱን ይጽፉልኛል?» አለቻቸው።

«እርሳስ አምጪ» አሉ። «ብዕር ቀለም ውስጥ የሚነከረው ለዓመት ደግሜ ስሰማው ነው።»

ቤት

በአንድ ቆርቆሮ የሃረና ጫካ ማርና በጉንፋን ተመለስኩ። የባሌ መንገድ መሠራት አለበት፤ የባሌ ሰው ግን ከእኔ ምክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ማታ ያጋመስኩትን ጽሑፍ አውጥቼ አነበብኩት። ያማረ ነበር፤ ያልሰማሁትን ነገር ያን ያህል አሳምሬ መንቀፌ ራሴን አስገረመኝ። በሐጂ አደም አነጋገር፣ ጽሑፌ የሚሰደብ ጣሪያ ቀርቶ ግድግዳም የሌለው ቤት ነው።

በቤቴ መቋሚያ የለም። በእስክሪብቶዬ ጀርባ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታሁና ጽሑፌን ከመጀመሪያው መስመር መለስኩት።