ሽቅብ የወጣው ጠላ

እናቴ ጠላ በምትቀዳበት ቀን ሁሉ ጠላውን ከጋን ከሚስበው ፓምፕ አጠገብ እንቁላል የምታህል የገብስ ሊጥ ታስቀምጣለች። አሁን የምትኖረው ከእኔ ጋር ደብረ ብርሃን ነው፤ የምትጠምቀውም ለበዓልና ለማኅበሯ ብቻ ነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሊጧ ተረስታ የቀረች መስሎት ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ «ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት» ትለዋለች። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ያቺን ሊጥ ባየሁ ቁጥር ልቤ ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ይሄዳል፤ ወደ ጓዳችን፣ ወደ ወይራው ጢስ፣ እኔና እናቴ ልንለያይ አንድ ቀን ወደቀረን ጊዜ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው በጠላ ነበር። አባቴ ገና ድክ ድክ ስል ስለሞተ መልኩን እንኳ የማውቀው ከሰው አፍ ነው። ደጃችን ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ቆሞ ነበር፤ እንጨቱ ካለ ጠላ አለ፣ ከሌለ የለም። በመንዝ ብርድ ጠላ ቶሎ አይፈላም፤ ስለዚህ እናቴ እንደ እናቷ ጋኑን እስከ ትከሻው መሬት ቀብራ ዙሪያውን ገለባ ትጎዘጉዝለት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ ጆሮዬን ጋኑ አፍ ላይ እለጥፍ ነበር። ውስጡ ፍልቅ ፍልቅ ይላል። ማንም ሳይነካው እንዴት እንደሚፍለቀለቅ ይገርመኝ ነበርና እናቴን ስጠይቃት «ጸጥ በይ፣ ሥራውን እየሠራ ነው» ትለኛለች። የጌሾው፣ የብቅሉና የታጠነው ሸክላ ሽታ አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

አንድ ክረምት እናቴ ውኃ ተሸክማ ስትመጣ ጭቃው አንሸራተታትና በጀርባዋ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ያያት ሰው ከእንግዲህ ጎንበስ እንዳትል አስጠነቀቃት። የጠላ ሴት ጎንበስ ሳትል እንዴት ትኖራለች? ከተቀበረ ጋን ጠላ መቅዳት ማለት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ማለት ነው። እኔ ልቅዳ ብዬ ጣሳውን ይዤ ጋኑ ውስጥ ባጎነብስ ክንዴ አልደርስ አለኝ፤ በጭንቅላቴ ስዘቀዘቅ ጎረቤታችን እትዬ የሺ በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። «ምን ያጣድፍሻል? አድገሽ ትጠጪዋለሽ!» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በዚያው ቀን ወጥታ እንጨቱን ነቀለችው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ አሰፋ፣ ደብረ ብርሃን የሚነግድ ሰው ነበር። መውደቋን ሰምቶ መጣና ከእሱ ጋር እንድትኖር ለመናት። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እኔ ቀየት በምትባል ቦታ ካለችው አክስቴ ዘንድ እሆናለሁ። ይህን ሁሉ የሰማሁት የተኛሁ መስዬ ነው። አክስቴን እወዳታለሁ፤ እሷ ቤት ወተትም እንቁላልም ሞልቷል። ግን እናቴ የለችበትም። ብርድ ልብሱን ነክሼ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ።

ጋሼ አሰፋ ክፉ ሰው አልነበረም። ተመልሶ ሄዶ በቀጣዩ ቅዳሜ አንዲት ትንሽ የውኃ ፓምፕ ከነቱቦዋ ይዞ መጣ። «ይህቺ ጎንበስ ትልልሻለች» አላት። «ከሠራች ትቀጥያለሽ። ካልሠራች ግን ሰኞ ጠዋት በሚኒባሱ አብረን እንሄዳለን። እሺ በይኝ፣ እታለም።» እናቴ እኔን አየችኝና «እሺ» አለች።

ወዲያው በባልዲ ውኃ ሞከራት። አንደኛውን ቱቦ ባልዲው ውስጥ ከተተ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ከሰቀልነው ባለ ቧንቧ ጀሪካን ጋር አገናኘ፤ የፓምፑን ሆድ በጣሳ ውኃ ሞላና መብራቱን ሰካ። እርር አለች። ውኃው ብርሃን በሚያሳልፈው ቱቦ ውስጥ እየተጣደፈ ወደ ላይ ወጣ። ውኃ ቁልቁል ሲሄድ እንጂ ሽቅብ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ቱቦውን በሁለት እጄ ስይዘው ቀዝቃዛ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልክ ነፍስ እንዳለው ነገር። እትዬ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ።

ማታ ጋሼ አሰፋ ዘመድ ሊጠይቅ ሲወጣ እናቴ ፓምፗን አገላብጣ አየቻት። አንድ ሕግ ነበራት፤ ያልታጠነ ዕቃ ጠላዋን አይነካም። ጋኑ፣ ጣሳው፣ ማጥለያው፣ ሁሉም ከቆላ በሚመጣ ወይራ ይታጠናል፤ አለዚያ ጠላው ይሆመጥጣል፣ የባለሙያ ስምም አብሮት ይሄዳል። እናም ፓምፗን በሙቅ ውኃ አጥባ፣ ልክ እንደ ጋን አፏን ወይራው ፍም ላይ ደፋቻትና ጢሱ እንዳያመልጥ በጨርቅ ሸፈነቻት። ፍሙን እፍ የምለው እኔ ነበርኩ። ጢሱ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ሁለታችንም ደስ አለን። «አሁን የቤታችን ሰው ሆነች» አለች እናቴ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጨቱ ቦታው ተተከለ። የመጀመሪያው እንግዳ ባሻ ደምሴ ነበሩ፤ ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ መደቡ ላይ የሚቀመጡ፣ የእናቴን ጠላ ካልቀመሱ እሑድ የማይመስላቸው ሽማግሌ። ቤቱ ሞላ። ጋሼ አሰፋ ቱቦውን ጋኑ ውስጥ ከቶ መብራቱን ሰካ። እርር አለች። ጠላ ግን የለም። ቱቦው ውስጥ አረፋ ብቻ ይንከባለላል። ነቀላት፣ የጌሾ ቅጠል አንቋት እንደሆነ አየ፣ ሆዷን እንደገና ሞላ፣ ሰካት። አሁንም ያው እርርታ ብቻ። ባሻ ደምሴ ባዶ ብርጭቋቸውን ይዘው ጣራ ጣራውን ያያሉ፤ እንዳላፍር ብለው መሆኑ ገብቶኛል። እኔ የማየው የሰኞውን ሚኒባስ ነው።

ጋሼ አሰፋ በመጨረሻ ቱቦውና ፓምፗ የሚጋጠሙበትን ፈታው። ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒዋ፣ ተኮማትራ ተሰነጣጥቃለች።

«እታለም፣ ይህቺን ጎሚኒ ምን ነካት? ትናንት ደህና ነበረች እኮ!»

እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «አጥኛት ነው» አለች።

«ሞተር ይታጠናል?»

«ጠላዬን የሚነካ ሁሉ ይታጠናል።»

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ነገሩ ትዝ አለውና ፊቱ ጠቆረ። «በዚህ በኩል አየር እየሳበች ነው ጠላውን የተወችው። ይኼን ጎሚኒ የማገኘው ደብረ ብርሃን ነው» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። ያን አስተያየቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አዝኖልኝ ነበር፣ ማዘኑ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

እናቴ ማድቤት ገብታ እፍኝ የገብስ ሊጥ ይዛ ወጣች። በመዳፎቿ መሐል እንደ ገመድ ታሽከረክረዋለች።

«እናታችን አረቄ ስታወጣ እንፋሎቱ በመገጣጠሚያው ካመለጠ ምን ታደርግ ነበር?» አለችው።

«በሊጥ ትመርገው ነበር። ያ ግን እንፋሎቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው፤ ይኼ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው።»

«ቀዳዳ ያው ቀዳዳ ነው፤ ቢገባበትም ቢወጣበትም።»

መገጣጠሚያውን በሊጡ ጠመጠመችው፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ተጭና አጠበቀችው፣ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ከላዩ አሰረችበት። ጋሼ አሰፋ የፓምፗን ሆድ ሞልቶ «እንግዲህ የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አለና ሰካ።

እርር አለች። አረፋው ቀነሰ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ወፈረ፣ ሥራ ያገኘ ሰው ድምፅ ሆነ። ከጋኑ አፍ ላይ ቱቦው ጠቆረ። ጥቁረቱ ቀስ እያለ ጋኑን አለፈ፣ ፓምፗን አለፈ፣ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ ወጣ። እናቴ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ታያለች። እናቴ እንዲያ ቀና ብላ ቆማ ጠላ ሲቀዳ አይቻት አላውቅም ነበር። ጠላው ጀሪካኑ ውስጥ ሲንፎለፎል ባሻ ደምሴ ተነሥተው ቆባቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ «ዕፁብ ድንቅ!» አሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ያዝኩ፤ እሷም ሊጥ በሊጥ በሆነ እጇ ራሴን ዳበሰችኝ። ፀጉሬ ላይ የደረቀውን ሊጥ እስከ ማግስቱ አላራገፍኩትም።

ጋሼ አሰፋ ሳምንት ሳይሞላ ጎሚኒ ላከልን። እናቴም የፓምፗን ጠባይ እንደ ላም ጠባይ አጠናችው። ጌሾ እንዳያንቃት የቱቦውን አፍ በስስ ጨርቅ ታስራለች፤ ሥራ ሲያበቃ ለብ ያለ ውኃ ታሳልፍባታለች፤ ድምፅዋ ከቀጠነ አየር ይዛለች ብላ ታቆማታለች። ማጠኑንም አልተወችም። ማሰሮ አጥና፣ የታጠነው ማሰሮ ውስጥ ውኃ ሞልታ፣ ያን ውኃ ነው የምታሳልፍባት። ፓምፗ ጢሷን ታገኛለች፣ ጎሚኒዋም አትጎዳም።

ዛሬ የምኖርበት ሕንፃ ላይ ውኃው አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እኔም ሳላስበው ከፍቼ እጄን እታጠባለሁ፤ ከቀረ ብቻ ነው የማስታውሰው። ያ የልጅነት መደነቅ የት እንደሄደብኝ አላውቅም፤ ይናፍቀኛል። ጎሚኒም በየሱቁ በየልኩ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገዝቼ መሳቢያ ሙሉ አስቀምጫለሁ። «ታዲያ ሊጧ ምን ትሠራለች?» ስላት እናቴ «ለማንኛውም» ትላለች።

ዘንድሮ ለፋሲካ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሊጧን ያቦካሁት እኔ ነኝ። በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየችና «ትንሽ ጠንከር ትበል» አለችኝ። አጠንክሬ ከፓምፑ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ጠላው ተቀድቶ ካለቀም በኋላ አላነሳኋትም። ያን ሰኞ ጠዋት ሚኒባሱ ያለ እናቴ የሄደው በሊጥ ነው።