የጭቃ ረጋጩ እግሮች

«ተሰማዎት?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አዎ፣ ደህና አድርጎ።»

ሀሰኖ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሮቹን የጤና ጣቢያው ምርመራ አልጋ ላይ ዘርግቶ የሲስተር ጣቢታን ቀጣይ ጥያቄ ጠበቀ።

«ጋሽ ሀሰኖ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።»

ገለጠ። ነርሷ ከእግሩ ሁለት እርምጃ ርቃ መስኮቱ ጋ ቆማለች። የእግር ስሜት የምትለካበት ቀጭን የናይለን ክር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አሁን ሁለት ጊዜ ስጠይቅዎት ጭራሽ አልነካሁዎትም» አለችው።

ሀሰኖ አፈረ። «ታዲያ ልጄ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ስትለፊ አልተሰማኝም ልበልሽ?»

«ካልተሰማዎት እሱኑ ነው የሚሉኝ!»

ይሉኝታው ግማሽ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው። ቡራዩ ውስጥ ሀሰኖ የሚታወቀው በእግሩ ነው።

ከስልጤ የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ለጭቃ ቤት ጭቃ ሲረግጥ ኖሯል። መጀመሪያ ሰበታ፣ ከዚያ ሱሉልታ፣ ኡሙልኸይርን ካገባ በኋላ ቡራዩ። አፈሩ ይቆፈራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ሰው ገብቶ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ጥቂት ቀን ቦክቶ እንደገና ይረገጣል። ቦት ጫማ ያጠለቀ ሰው ጠጠሩን ከጭዱ አይለይም። ሀሰኖ ይለያል። ጠጠር ከረገጠ ጎንበስ ብሎ ያወጣል፤ ጭድ ከተቋጠረ በተረከዙ ይፈታዋል፤ ጭቃው ሲደርስ በጣቶቹ መሃል እንደ ቅቤ ይወጣለታል። ሀሰኖ የረገጠው ምርጊት አይሰነጠቅም ይባል ነበር።

ስኳር እንዳለበት ያወቀው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ኪኒኑን ይውጣል፣ ሻዩን መራራውን ይጠጣል፣ በቀጠሮው ቀን ሄዶ ለምርመራ ደሙን ይሰጣል። እግሩን ግን አንድም ሰው አይቶለት አያውቅም። ዛሬም ጣቢታ ጫማዎን ያውልቁ ስትለው ሌላ ሰው ያናገረች መስሎት ዞር ብሎ ነበር።

ምርመራው እንደገና ተጀመረ። አሁን ጥያቄ የለም፤ ክሩ ሲነካው ብቻ «አሁን» እንዲል ተነገረው። ጣቢታ ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ እየተጫነች በእያንዳንዱ እግር ዐሥር ቦታ ነካችው። ሀሰኖ በቀኙ አራቴ፣ በግራው ሁለቴ «አሁን» አለ። ቀጥላ የደም ሥሩን ትርታ በጣቷ ፈለገች፤ ከግራ እግሩ ትልቅ ጣት ሥር የደደረውን ቆዳ ዳሰሰች፤ ከዚህ በፊት እግርዎ ቆስሎ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

«ቁስል አለብኝ?» አለ ሀሰኖ።

«የለብዎትም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታክሚው?»

«የሚመጣውን። ስሜቱ እንዲህ የደከመ፣ ቆዳው እንዲህ የደደረ እግር ከሌላው ቀድሞ ነው የሚቆስለው። ቀኑን አላውቅም። ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ከመጣ ግን እርስዎ የሚሰሙት ከሁሉም ሰው በኋላ ነው።»

«ይኼንንማ ጠንቋይም ይነግረኛል።»

«ጠንቋይ ገብስማ ዶሮ ያስገዛዎታል። እኔ መስታወት ብቻ ነው የማስገዛዎት፤ ውስጥ እግርዎን የሚያዩበት።» ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እግርዎን ያጥባሉ፣ አይደል? ከአምስቱ አንዱን ጊዜ ገልብጠው ይዩት። ጣቶችዎን በመሃል በመሃል ያድርቁ። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይፈትሹ። ጭቃ በባዶ እግር መርገጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።»

«እሱ አይሆንም» አለ ሀሰኖ፣ ካልሲውን እያጠለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ገፈርሳ መንገድ፣ ኦቦ ታመነ ግቢ ነበር። ታመነ ለልጁ ባለ ሁለት ክፍል ቤት እያሠራ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ሊጨርስለት ሀሰኖ ቃል ሰጥቶታል።

«አካም ቡልቴ፣ ሀሰኖ! ና እስቲ ይኼን ተመልከት።»

ባለፈው ሳምንት የተመረገው ግድግዳ ከመስኮቱ እስከ መሬት ተሰንጥቋል። ታመነ ስንጥቁን በቢላ ፈልፍሎ የተቋጠረ ጭድ አወጣ። ከሥሩ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ወጣ።

«አርጅተሃል ወይስ ንቀኸኛል?»

ባለፈው ወር ሱሉልታ ላይ ግድግዳ ሲሰነጠቅበት ሀሰኖ ጭዱን ነበር የረገመው። አሁን የሚረግመው አጣ። ድንጋዩን ተቀብሎ በእጁ አገላበጠው። ይህን ድንጋይ ረግጦታል። ስንት ጊዜ እንደረገጠው አላህ ነው የሚያውቅ።

«አልናቅኩህም» አለ። «እግሬ አልነገረኝም።»

ታመነ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው።

ኡሙልኸይር ምሳ ይዛ ስትመጣ ባሏን ጫማውን ሳያወልቅ እንጨት ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጭቃው አልተረገጠም። የጤና ጣቢያውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት፤ ሳይነካ «አዎ» ማለቱን ጭምር።

«ነርሷን ዋሸሃት?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔን ሃያ ሦስት ዓመት ስትዋሸኝ አንድ ቀን አፍረህ አታውቅም። አምጣው።»

«ምኑን?»

«እግርህን ነዋ።»

«ሰው ፊት?»

«ኦቦ ታመነ እግር አይቶ አያውቅም?»

ጫማውን ራሷ ፈታች። እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣት በጣት እየለየች አየች። ታመነ ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳውን ያየ መሰለ።

«ዛሬ ምንም የለም» አለች ኡሙልኸይር። «ነገም አየዋለሁ። ጭቃ ውስጥ የገባ እግር ግን አላይም፤ ወላሂ አላይም። የሚረግጥ ፈልግ።»

ሀሰኖ ጉድጓዱን አየ። ጭድ የተነሰነሰበት ቀይ ጭቃ፣ ለመረገጥ የደረሰ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ጭቃ አጠገብ ጫማ አድርጎ ተቀምጦ አያውቅም። እምቢታው አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ድንጋዩ ግን አሁንም እጁ ውስጥ ነው።

«ዲኖን ጥራልኝ» አለው ታመነን።

ዲኖ ከጎረቤት ግቢ ብሎኬት የሚያራግፍ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ደንዳና ሰው ነው። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ሀሰኖ ከዳር ቆሞ ያዘዋል፤ ዝቅ ብሎ እፍኝ ይዘግናል፣ ያሻል፣ ጠጠር ይለቅማል።

«ወደ ግራ። ተረከዝህን ተጫን።»

«ረግጫለሁ እኮ፣ ኢንጂነር!»

«ዘለህ ነው ያለፍከው። ተመለስ።»

እጁ እንደ እግሩ አያውቅም። እግሩ በአንድ ዙር የሚነግረውን እጁ በሦስት ዙር ነው የሚነግረው። ዲኖን ሦስት ዙር አዞረው። ዲኖ ተሳደበ፣ ላብ አጠመቀው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ተረከዙን መጫን ለመደ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሀሰኖ የዘገነውን ጭቃ አፍርጦ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይመረግ» አለ።

በዓመቱ መጋቢት ወር ከሀሰኖ ግራ እግር ትልቅ ጣት ሥር ቁስል ወጣ። እሱ አልተሰማውም፤ መጀመሪያ ያየችው ኡሙልኸይር ናት። በጊዜ ስለታየ በአርባ አንድ ቀኑ ደረቀ።