አባቴ ያሉባት ደሴት

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአስጎብኚነት ከምንሠራው መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ አዲስ አበባ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ኃላፊያችን ጣናን ሰጡኝ። ጢስ ዓባይና ጎንደር ለወንዶቹ፣ ጣና ለእኔ። ከሐይቁ ደሴቶች አንዳንዶቹን ሴት እንደማትረግጣቸው ያሰበበት ያለ አይመስለኝም። እንግዶቼን እስከ ወደቡ አደርሳለሁ፤ ወንዶቹን ለአንድ መነኩሴ አስረክቤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጀልባው ላይ እቀራለሁ። ገብቼበት ስለማላውቅ ቤተ መቅደስ፣ በዓይኔ ስላላየሁት ብራና በእንግሊዝኛ አስረዳለሁ። ደህና አድርጌ ስላጠናሁት ማንም አይነቃብኝም ነበር።

ከእነዚያ ደሴቶች በአንደኛዋ አባቴ ነበሩ።

አባቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሜን አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቀበሌ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ሁለት ሳምንት ስንቅ አመላለስሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዘበኛው ሳህኑን እንደ ተከደነ መለሰልኝና “ከእንግዲህ አታምጪ” አለኝ። ሌላ የነገረን የለም። እናቴ ዓመት ሳትቆይ ተከተለችው። አባቴ ጡረታ እንደ ወጡ የመፍቻ ሣጥናቸውን ለጎረቤት ሰጡና “አንቺ ደመወዝ አለሽ፤ ራስሽን ትችያለሽ። እኔን አሰናብችኝ” አሉኝ። ምን ብዬ ልከልክላቸው? አሰናበትኋቸው፤ መነኮሱ።

ከዚያ በኋላ የምንገናኘው በሥራዬ ምክንያት ነበር። እንግዳ ይዤ ስመጣ የሞተሩን ድምፅ ይሰሙና ወደ ወደቡ ይወርዳሉ። እሳቸው ድንጋይ ላይ፣ እኔ ጀልባ ላይ ተቀምጠን፣ በመካከላችን ጥቂት ክንድ ውኃ እያለ እናወራለን። ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጀልባው ነው። “ይህ ሞተር ያስለዋል፤ ካንዴላውን ፈትቶ ይጥረገው በይው” ይሉኛል። ጀልባ ነጂው ይስቃል፤ ግን ይጠርገዋል። ስለ ወንድሜ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ይህ የምናገረው ቀን እሑድ ነበር፤ ፋሲካ ካለፈ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። እንግዶቼ ለአንድ ፋብሪካ ማሽን ሊተክሉ የመጡ አራት ምሥራቅ ጀርመኖች ነበሩ፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ጠና ያለች ሴት። አብሯቸው አንድ ካድሬ ተመድቧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካኪ ኮትና ሱሪ ለብሶ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ዝምተኛ ሰው። እንዲህ የለበሰ ሰው ሳይ መንገድ እለውጥ ነበር፤ እሱ ግን በግሉ ምንም አላደረገኝም።

ጧቱ ጥሩ ነበር። ሐይቁ ረግቷል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ሁለት ጉማሬዎች ራሳቸውን ብቅ አድርገው ስላገኘን እንግዶቹ እንደ ልጅ ጮኹ። ደንገል እንዴት ታጭዶና ደርቆ ታንኳ እንደሚሆን ነገርኋቸው። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ሽማግሌ ጀርመናዊ ሁሉንም በትንሽ ደብተር ይጽፍ ነበር።

ደሴቷ ስንደርስ ድንጋዩ ላይ ማንም አልነበረም። ባለፈው ጊዜም አጥቻቸው ሱባኤ ይዘው ይሆናል ብዬ ተመልሻለሁ። እንግዳ የሚቀበሉት መነኩሴ ወርደው በጀልባው ጠርዝ በኩል መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳለምሁና፣

“አባ፣ አባቴ እንዴት ናቸው?” አልሁ።

“አልዋሽሽም ልጄ፤ ታመዋል። እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከተኙ አሥራ አምስት ቀናቸው ነው።”

“ታዲያ እንዴት አትልኩብኝም?”

“እንዳትነግሯት ብለው በግዝት ያዙን።”

“አውርዱልኝና ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው። ጀልባው ይኸው።”

“እሺ ካሉ ተሸክመን እናወርዳቸዋለን። እምቢ ካሉ ግን ማን ያስገድዳቸዋል?”

“እኔ ራሴ ላነጋግራቸው” የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። መነኩሴው አንገታቸውን ደፉ።

የመነኮሳቱ ጎጆዎች ከወደቡ ሩቅ አልነበሩም። የአንዱ ጎጆ ሣር ክዳን በዛፎቹ መካከል ይታየኛል፤ የአባቴ ይሁን የሌላ አላውቅም።

ካድሬው ከኋላዬ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። “ምንድን ነው ጓዲት? እንግዶቹ እየጠበቁ ነው” አለኝ። መዋሸት አልቻልሁም፤ ነገርሁት። የመነኩሴ ልጅ መሆኔ በመዝገቤ ላይ እንደሌለ፣ አሁን እንደሚጻፍም እያሰብሁ ነገርሁት። እሱ ወደ ኋላ ዞሮ የጀልባውን መቀመጫዎች ተመለከተ።

“ቦታ አለ” አለ። “እንግዶቹን እኔ አስረዳቸዋለሁ። ለአባትሽ ምን ልበላቸው?”

ይህን ከእሱ አልጠበቅሁም ነበር። “ልጅዎ ወደቡ ላይ ናት፤ ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ትላለች፤ ስለ እኔ ብለው እሺ ይበሉኝ፣ ብቻዬን አይተዉኝ ትላለች ይበሉልኝ” አልሁት። ለአባቴ ብቻ ልናገረው የሚገባኝን ቃል ለዚያ ካኪ ለባሽ ሰጥቼ ላክሁት። ከሦስቱ ጀርመኖችና ከመነኩሴው ጋር ሽቅብ ወጡ፤ ዛፎቹ ጋረዷቸው።

እኔና ጀርመናዊቷ ከጀልባ ነጂው ጋር ቀረን። ሴትዮዋ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ አካፈለችኝ። እኛ ለምን እንደማንወጣ ጠየቀችኝና የተለመደውን ነገርኋት፤ ሴት ብቻ ሳትሆን እንስት እንስሳም ደሴቷ ላይ አትገባም።

“ዶሮም?”

“ዶሮም።”

ሳቀች። ከዚያ አየችኝና ሳቋን ተወችው። “አንቺ አያናድድሽም?” አለችኝ።

“ሕጉ ነው” አልኋት። እንቁላሉ በእጄ ላይ እንዳለ ነበር።

ዘልዬ ብወርድ ውኃው ከጉልበቴ አያልፍም ነበር። ይህንን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ዛሬም አስበዋለሁ። ያገደኝ የእግዚአብሔርን ቁጣ መፍራት ብቻ አልነበረም። አባቴ ሁሉንም ነገር አጥተው የቀረቻቸው ያቺ ደሴት ናት። እሷን በልጃቸው እግር ባስረክስባቸው ከዚያ በኋላ ምን ይቀራቸዋል? ጫማዬን አውልቄ ነበር። መልሼ አደረግሁት። ሴትዮዋ ዓይኔ ለምን እንደ ቀላ ጠየቀችኝ፤ ነፋስ ነው አልኋት። ነፋስ ግን አልነበረም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ወረዱ። ገና ከሩቁ ቆጠርኋቸው። አምስት ወጥተው አምስት ተመለሱ።

“አልመጣም አሉ” አለኝ ካድሬው።

“‘ስለ እኔ ብለው’ አላሏቸውም?”

“ብያቸዋለሁ። ቃል በቃል ነው ያልኳቸው። ከዚህ ወጥቼ የት እሞታለሁ አሉ። መርቀውሻል።”

“ፊታቸው እንዴት ነው?”

“ከስተዋል። አእምሯቸው ግን ደህና ነው” አለና ወደ ጀልባው ፊት ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። እንደገና ይሂዱልኝ ልለው ፈለግሁ፤ ሞተሩ ተነሣ።

መንገድ ላይ ሽማግሌው ጀርመናዊ አጠገቤ መጣ። “የታመሙት ሽማግሌ አባትሽ ናቸው አሉኝ፤ አዝናለሁ” ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አብሮን ያለውን ጓድ ምን ጠይቀውት ነው? በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና ልብሱን ካዩ በኋላ አንድ አጭር ነገር ጠየቁት። ቆቡን አውልቆ ዝም ብሎ ቆመ። ደግመው ጠየቁት። ያኔም አልመለሰላቸውም።”

“እዚያ አልነበርሁም፤ አላውቅም” አልሁት። አውቄው ነበር።

ፕሮግራሙ ገና ግማሽ ላይ ነው፤ ዘጌ ይቀራል። ዘጌ ወረድን፤ ሴትም ትወርዳለች። በደኑ ውስጥ ዋንዛውን፣ ጌሾውን፣ የቡናውን ዛፍ እያሳየሁ ሄድሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ አስረዳሁ። አንደኛው ጀርመናዊ የአንዲት ሰማያዊ ወፍ ስም ጠየቀኝ፤ ስሟን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ነገርሁት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ እግሬ ግን ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ ሥራውም ተሠራ። በዛፎቹ መካከል ደሴቷ ከሩቅ ስትታይ ፊቴን አዞርሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ገባን። እንግዶቹ እጄን እየጨበጡ ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ጀርመናዊቷ ጉንጬን ሳመችኝ። ካድሬው ወደ ኋላ ቀረ።

“ወንድም ነበረሽ?” አለኝ።

“ነበረኝ።”

“‘ልጄን የት ቀበራችሁት?’ አሉኝ።” ወደ ውኃው እያየ ነበር። “እኔ የሐረር ሰው ነኝ። ያን ጊዜ እዚህ አልነበርኩም። እንደዚያ ልላቸው ግን አፌ እምቢ አለኝ።”

ልጮኽበትም ላመሰግነውም አልቻልሁም። “መድኃኒት የሚወስድላቸው ሰው ልኬ አያለሁ” አለና ሄደ።

እንዳለውም አደረገ። በሳምንቱ ከጤና ጣቢያ አንድ ድሬሰር በጀልባ ላከላቸው። አባቴ ክኒኑን በአክብሮት ተቀብለው፣ ድሬሰሩ ሲሄድ ጨጓራቸውን ለሚያማቸው ለአንድ ጎረቤታቸው መነኩሴ እንደ ሰጡት በኋላ ሰማሁ። ለእሳቸው የታዘዘ የልብ መድኃኒት ነበር። ካድሬው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ።

በሚቀጥለው ወር እንግዳ አልመጣም። ያለ እንግዳ ጀልባ አይሰጥም፤ በታንኳ ለመሄድ ደግሞ ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ ይናወጥ ነበር። ሁለት ጊዜ የታንኳ ሰው ለምኜ ሁለቱም ጊዜ ከመንገድ መለሱኝ። የሐምሌ መጨረሻ ላይ እንጨት ሊሸጥ የመጣ ታንኳ ቀዛፊ ቢሮ ድረስ ፈልጎ መጥቶ አረዳኝ። ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀናቸው ነበር።

እዚያ የደረስሁት መስከረም ላይ፣ ሁለት ቡልጋሮች ይዤ ነው። ወንዶቹ ሽቅብ ሲወጡ መነኩሴው ጥቂት ቆዩልኝ። መቃብራቸው የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከወይራው ሥር” ብለው በእጃቸው አመለከቱኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። በዚያ በኩል ወይራ ብዙ ነው።

“የትኛው አባ?”

“ከዚህ አይታይም ልጄ” አሉኝ።