የተሸለተችው አይጥ

ይህ ያጋጠመኝ የዛሬ ሰባት ዓመት ኅዳር ላይ፣ ወረታ ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከሐሙሲት ስመለስ የጉማራን ድልድይ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ።

ትዕግስት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ በጉማራ ዳር ባለው ጫካ ውስጥ ምን ምን ዓይነት ትንንሽ አጥቢ እንስሳት እንዳሉ ልታጠና መጣች። የሁለተኛ ዲግሪዋ ማሟያ ነበር። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለማስተምር ጠዋት ጠዋቱን ለእሷ ሰጠኋት።

ሥራው ቀላል ነው። አመሻሽ ላይ የለውዝ ቅቤ ያለበት የቆርቆሮ ወጥመድ ከሾላውና ከዶቅማው ሥር እናስቀምጣለን፤ ጠዋት እንከፍታለን። የገባውን እንመዝናለን፣ ጀርባው ላይ ጥቂት ፀጉር በመቀስ እንሸልታለን፣ ከዚያ እዚያው በተያዘበት ቦታ እንለቀዋለን። የተሸለተ ድጋሚ ሲገባ ያው የቀደመው መሆኑን እናውቃለን።

ጫካው ጠባብ ነበር፤ በወንዙና በሩዝ ማሳው መካከል የተረፈ ነገር። ግን ጉድ ነው የያዘው። ጀርባዋ ሸንተረር ያላት አለች። ጅራቷ ጎፈር ያለ፣ ዛፍ የምትወጣ አለች። አፍንጫዋ የሾለ፣ እህል ትታ ነፍሳት የምትበላም አለች። አይጥ ያው አይጥ ነው ብዬ ያደግሁት እኔ በየጠዋቱ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

ችግር የመጣው ከጫካው ጋር በሚዋሰነው ማሳ በኩል ነው። ባለቤቱ አያ መኳንንት የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሩዛቸውን አጭደው ጫካው ጥግ ካለው አውድማ ላይ ከምረውታል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ብዙውን ሩዝ አይጥ ፈጅቶባቸው ነበር። አንድ ጠዋት አንዷን ሸልቼ ስለቅ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ፣ አይጥ ይዘሽ ትለቂያለሽ?»

ዞር ስል የአውድማ መንሻቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ስለ ጥናት፣ ስለ ብዝኃ ሕይወት ላስረዳ ሞከርኩ።

«ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የቆምሁት አይጥ ልቀልብ ነው? በሉ ዕቃችሁን ሰብስቡና ተዚህ ሂዱልኝ።»

ትዕግስት ማልቀስ ጀመረች። የቀራት አንድ ሳምንት ነበር። ያ ሳምንት ከተቋረጠ የሁለት ወር ልፋቷ ገደል መግባቱ ነው።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «አያ መኳንንት፣ የጫካዎቹ አይጦች የእርስዎ ክምር ጋ አይደርሱም። ካላመኑኝ ክምሩ ሥር ለሦስት ቀን ወጥመድ እናስቀምጥ። አንዲት የተሸለተች ከተገኘች ያኔውኑ እንሄዳለን» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ትዕግስት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

አሰብ አደረጉና «ቃልሽ ነው?» አሉ።

«ቃሌ ነው።»

«እኔም ቃሌ ነው። ተተገኘች ትሄዳላችሁ፤ ታልተገኘች ትጨርሳላችሁ።»

የመጀመሪያውን ጠዋት አብረን ከፈትን። ክምሩ ሥር ሦስት ገብተዋል፤ አንዷም አልተሸለተችም። አያ መኳንንት ደስ አላቸውና ጫካው ውስጥ ወዳሉት ወጥመዶችም ተከተሉን። አፍንጫ ሹሏ እህል እንደማትነካ ስነግራቸው «እስታሁን በከንቱ ስገድላት ኖሬ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። በሁለተኛው ቀን ቀድመውን ደርሰው «ዛሬስ ማን ገባ?» እያሉ ጠበቁን። የተሸለተች ግን አሁንም የለችም።

ሦስተኛው ጠዋት ትዕግስት ጫካ ውስጥ ስለቀረች ወደ ክምሩ የሄድኩት ብቻዬን ነበር። አያ መኳንንት ራቅ ብለው በሬዎቻቸውን ውኃ ያጠጣሉ። የመጨረሻውን ወጥመድ ስከፍት፣ ጀርባዋ ላይ የመቀሱ ምልክት ያለባት አይጥ ቁጭ ብላለች። ግራ ቀኝ አየሁ። ወጥመዱን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ጫካው ጥግ ወሰድኩና ለቀቅኳት።

ሲመጡ «የለችም» አልኳቸው።

«ተመስገን። እንግዲያው ጨርሱ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ትኩስ ወተት ይዘውልን ይመጡ ጀመር። የእኔን ድርሻ ለትዕግስት እሰጣለሁ። የዋሸሁትን ግን ለእሷም አልነገርኳትም።

ዕቃችንን ስንጭን ግን አልቻልኩም። ወደ ጎን ወሰድኳቸውና «አያ መኳንንት፣ ዋሽቼዎታለሁ። በሦስተኛው ቀን የተሸለተች ነበረች» አልኩ።

«አይቻታለሁ» አሉ።

«መቼ?»

«ተአንቺ በፊት። ሲነጋጋ ከፍቼ አየኋትና መልሼ ዘጋሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ እኮ። አየሁ ታልሁ ላባርራችሁ ነው። ያች ልጅ ደግሞ ስታለቅስ አይቻታለሁ።» ቀጠሉና «አንቺ በነጠላ ስትሸፍኛት ግን፣ ተበሬዎቹ ጀርባ ሁኜ ሳቄን እንዴት እንደያዝሁት እኔ ነኝ የማውቀው!» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ስመው ሸኙኝ።

ከዚያ በኋላ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከጫካውም ገሚሱ ዛሬ የሽንኩርት ማሳ ነው። ያን ኅዳር፣ የጠዋቱን ጤዛና የእሳቸውን «ዛሬስ ማን ገባ?» እናፍቃለሁ።

ያኔ ከራሳችን አልፈን ለሌላ የምናስበው እኔና ትዕግስት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ የዋሸሁት ላለመሸነፍ ነው። እሳቸው ዝም ያሉት ግን ሩዛቸው እየተበላ፣ ለማያውቋት የሰው ልጅ ብለው ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይቀላል፤ ደግሞም በጣም ይናፍቁኛል።