ሮብ ሮብ ዝም የሚለው ጫጫታ

ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ጉብታ ላይ አንድ ማማ አለን። «አለን» ስል እኛ የደብረ ማርቆስ አማተር ሬዲዮኞች ማለቴ ነው፤ በትርፍ ጊዜያችን በሬዲዮ የምናወጋ ጥቂት ሰዎች ነን። ማማው ስር ያለው ሪፒተር ደካማ ድምፅ ይቀበልና ወዲያው አጉልቶ ከተራራው ማዶ ያደርሰዋል። ማዶ ባለው ቀበሌ ስልክ አይሠራም። የጤና ኬላዋ ነርስ አምቡላንስ የምትጠራው እኛ በሰጠናት የእጅ ሬዲዮ፣ በዚሁ ሪፒተር በኩል ነው።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ሪፒተሩ ደነቆረ። ማስተላለፊያው ከተፈቀደለት ሞገድ ውጭ ጫጫታ ይረጫል፤ ጫጫታው ተመልሶ የራሱን መቀበያ ይደፍናል። የእኛ ጉልበተኛ ሬዲዮ እንደምንም ይሰማል፣ የነርሷ ግን ተውጦ ይቀራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ!

ሰኞ ወጣሁ። የማማው ጠባቂ ሽማግሌ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ይስተካከል ይሆን?» አሉኝ። «ይስተካከላል አባቴ» አልኩ። ፊልተሩን ፈትቼ ገጠምኩ፣ ማክሰኞ ደግሞ ኬብሉን ቀየርኩ። ወይ ፍንክች! እሳቸው በየሰዓቱ ብቅ እያሉ «ተስተካከለ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ስሠራ ሲጠይቁኝ አልወድም።

«አባቴ፣ እስቲ ልሥራበት! ምን አስቸኮለዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ ማዶ ነው ያገባችው» አሉ ቀስ ብለው። «ዘጠኝ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን መንገድ ላይ አጥታዋለች።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ሮብ ጠዋት ስመለስ ሪፒተሩ ጤነኛ ሆኗል። ነርሷን ብጠራት ድምፅዋ ጥርት ብሎ ገባ። «ኬብሉ ነበር!» ብዬ ፎክሬ ዕቃዬን ሰብስቤ ማርቆስ ገባሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሐሙስ ጫጫታው ብሶበት ተመለሰ።

ተመልሼ ወጣሁና ተስፋ ቆርጬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና «ሮብ ሮብ እኮ ሁሌም ዝም ይላል» አሉ። ሪፒተሩ ቤት ውስጥ ያለውን ድምፅ ማጉያ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ይሰሙታል።

«እንዴ! ሮብ ምን የተለየ ነገር አለ?»

«ምን ይኖራል? በቅሎዬን ጎረቤት እህል ሊጭንባት ይዋሰኛል፣ ሌላ ምንም።»

ቀና ስል በቅሎዋ ከማማው እግር ላይ ታስራ ትግጣለች። በሰንሰለት! ያውም በዛገ ሰንሰለት። በቅርቡ ጠፍሯን ጅብ ቢበላባቸው፣ ብረትማ አይበላም ብለው ነው። አንገቷን ባነሳች ቁጥር ሰንሰለቱ ማማውን ይፍቃል። የዛገ ብረት አንቴና አጠገብ ሲነካካ ከአንቴናው የሚወጣውን ሞገድ ወደ ጫጫታ እንደሚለውጠው ስንት ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ በአጠገቧ ሳልፍ ግን በቅሎ ብቻ ነበር ያየሁት።

ፈታኋት፤ ጫጫታው ጠፋ። መልሼ አሰርኳት፤ መጣ። ሽማግሌው ገባቸውና ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«በገዛ እጄ ልጄን ላስገድላት ነበር?»

«ኧረ ተዉ አባቴ! ያዳኗት እርስዎ ነዎት። እኔማ ኬብል ስፈታ ስገጥም እከርም ነበር።»

እውነቴን ነው፣ መሣሪያዬ ያላገኘውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ብል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ከዚያ ሰንሰለቱን ገደል ወረወሩትና ከማማው ራቅ አድርገው የእንጨት ካስማ ተከሉ፤ በቅሎዋንም በቃጫ ገመድ አሰሯት። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ነገር አልሠራ ሲለኝ መጀመሪያ የማደርገው አጠገቡ የሚውለውን ሰው መጠየቅ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ቤቴ ሆኜ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ነርሷ ናት። «የማማው ጠባቂ ልጅ ምጥ ይዟታል፣ አምቡላንስ፣ ቶሎ ድረሱ!» አንዲት ቃል አልጠፋችም። የአምቡላንሱ ሾፌር ሲመልስላት ሰማሁና «ተመስገን!» ብዬ ጮኽኩ፤ እንባዬም መጣ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። በቅሎዋ ጉብታው ላይ ነበረች።