በአባባ ቀለም የተቀባው ኦርጋን

ሳሎኔ ጥግ፣ ከትልቁ ኪቦርዴ አጠገብ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ያሮጌ አልጋ ጣውላ ቆሟል። እንግዳ ሁሉ «ይሄ ሳንቃ ለምን አይጣልም?» ይለኛል። «የመጀመሪያው ኦርጋኔ ነው» ስላቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። ሠላሳ ዓመት ፋንክ የሚሉትን የፈረንጅ ሙዚቃ እየተጫወትኩና እየዘፈንኩ የኖርኩት በእሱ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወረታ ውስጥ የማውቀው ኦርጋን አንድ ብቻ ነበር፤ የቀበሌው ኪነት ንብረት። ጄነሬተሩ የሚነሳው ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሆነ ኦርጋኑም ድምፅ የሚያወጣው በሳምንት አንድ ቀን ነበር። የሚያስተምረን ጋሽ ታምሩ ይባላል፤ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ሲጫወት ቆይቶ በመምህርነት ተመድቦ የመጣ፣ ጭቃ ውስጥ እንኳ ሰፊ ሱሪውን የማይሰበስብ ሰው። የአብዮቱን መዝሙር አስጠንቶን ሲያበቃ በሩን ገርበብ ያደርግና ፋንክ ይጫወትልናል። ግራ እጁ ሲጀምር እግሬ ሳላዘው መሬቱን ይመታ ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ክረምት መግቢያው ላይ ጠራኝና፣ መስከረም ላይ ጎንደር ለሚደረገው የኪነት ውድድር ኦርጋኑን የምጫወተው እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። በሳምንት አንድ ቀን ልምምድ አይበቃም። «ጣውላ ፈልጊና ቁልፎቹን ሣይበት፤ ጣትሽ ይልመድ» አለኝ። ለነጮቹ ቁልፎች ጣውላው ራሱ ሆነልኝ። ጥቁሮቹን በከሰል ብሥላቸው ላቤ አጠፋቸው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ያስተምራሉ፣ መጻሕፍትም በብራና ይጽፋሉ። ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፤ ጥላሸቱን ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ዘፍዝፈው ለወራት ያቆዩታል። ቤታችን ሁልጊዜ ያ የኮመጠጠ ሽታ አይጠፋውም ነበር። የዚያን ክረምት ቀለም ለጣራ ገዳም ለሚጽፉት ዳዊት የተዘጋጀ ነበር። ጥቂት ብቀንስ አይታወቅብኝም ብዬ ነካሁት። ጣውላ እንደ ብራና መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የቀባሁትን ሁሉ ጠጣው። ደግሜ ብቀባ ደግሞ ጠጣ። ማሰሮው ጎደለ።

«ቀለሜን ማን ነካው?» አሉ አባባ በማግስቱ። ጣውላውን አምጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ለዘፈን ነው?»

«አዎ አባባ። ይማሩኝ።»

አልመቱኝም። ቢመቱኝ በተሻለኝ። «እንግዲያ ዳዊቱ እስከ ጥር ሊቆይ ነው» ብለው ብቻ ወጡ። የጎንደሩን ጉዳይ ጨርሶ አላነሳሁላቸውም። የቀበሌው ሊቀ መንበር አባባን እንዲፈቅዱ በደብዳቤ እናዛቸዋለን ሲል ጋሽ ታምሩ እንቢ አለ። «መሪጌታ ወደው ካልፈቀዱ ልጅቱ አትሄድም» አለ። ያን ቀን ወዶኝ ይሁን ጠልቶኝ አልገባኝም።

ነሐሴ ገባ። የፎገራ ሜዳ ከደጃችን ጀምሮ ውሃ ሆነ፤ እንቁራሪቱ ቀን ከሌት ይንጫጫል። አንድ ከሰዓት ቤት ውስጥ ሰው የለም ብዬ ጣውላውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የግራ እጄን እለማመዳለሁ። ከእንቁራሪቱና ከጣቶቼ ኳኳታ በቀር ምንም አይሰማም።

«ሦስተኛዋ ምት ላይ ትቸኩያለሽ።»

አባባ መቋሚያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። ለካስ ሰሞኑን በግድግዳው በኩል ሲሰሙኝ ኖረዋል።

«ድገሚው እስቲ ልጀ» ብለው በመቋሚያቸው መሬቱን ይመቱልኝ ጀመር። «ቆዪ... ቆዪ... አሁን!» ጋሽ ታምሩ ሁለት ወር ሙሉ የለመነኝ ይችኑ ቦታ ነበር። እስኪመሽ ደጋገምነው።

ጋሽ ታምሩ ሊያስፈቅድ ሲመጣ ገና ቁጭ ብድግ እያለ ሲንተባተብ አባባ አቋረጡት። «እጇን ሰምቸዋለሁ። ትሂድ። ቀለሜን የጨረሰችበትን ነገር ጨርሳ ትምጣ።»

ጎንደር ላይ ስንተኛ እንደወጣን ረስቼዋለሁ። ሦስተኛዋ ላይ መቆየቴን ግን አልረሳም። ከዚያ የክፍለ ሀገሩ ኪነት ወሰደኝ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ባንድ፣ መድረክ፣ ካሴት። አባባ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና አንድም አዳራሽ አልገቡም፣ ካሴቴንም አልሰሙም። ተቆጥተውኝም አያውቁም።

በስተርጅና ጆሯቸው መስማት ተወ። አዲስ ኪቦርድ ይዤ ሄጄ ስጫወትላቸው ጣቶቼን ካዩ በኋላ «ያንን ጣውላ አምጪው» አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ አጋደምኩት። መዳፋቸውን ከሥሩ አስገቡ፤ እኔ ከላይ መታሁ። ብዙ ቆየን።

«አሁንስ አትቸኩይም» አሉ።

የዛሬው ኪቦርድ ከበሮ መቺውን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ያለ ስህተት ይመታል። ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን መድረክ ከመውጣቴ በፊት ጣውላውን ጉልበቴ ላይ ሳላደርግ አልሄድም። በእኔ የተነሳ ዳዊታቸው የዘገየባቸው የጣራ ገዳም አባቶች ይቅር ይበሉኝ። ትልቁ ኪቦርዴ ላይ የታተመው የፋብሪካው ጽሑፍ በሁለት ዓመት ለቋል። የአባባ ቀለም ግን እስከ ዛሬ አለ።