የጋሽ ምንይችል «ከዚያስ?»

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከሉማሜ ወደ ማርቆስ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ መልሴን በልቤ እለማመዳለሁ፤ ግን ይምታታብኛል። ሥራ ፈትቼ ከርሜያለሁ፤ ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የጠራኝ የለም።

አንድ ሽማግሌ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዞር ስል ጋሽ ምንይችል ናቸው። ማርቆስ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከዚያ ከወጣን ወዲህ አይቻቸው አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም ነበር። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ እንባዬ ይቀድማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ጋሽ ምንይችል ደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ ይጠሩኛል። «ነይ እስቲ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

እኔ አወራለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዝም ካልኩ «ከዚያስ?» ይላሉ። ዛሬም ሰው ፊት ስቆም ያቺን ድምፅ ነው የማስታውሰው።

ሰላም ብዬ ማን እንደሆንኩ ካስታወስኳቸው በኋላ ይህንኑ ነገርኳቸው። «እርስዎ ባይኖሩ ሰው ፊት መናገር አልለምድም ነበር» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። «ልጄ... እንዳትቀየሚኝ። እኔ እኮ እተኛ ነበር።»

«እንዴት?»

«አንቺ ወሬ ስትጀምሪ ጥሩ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።»

«ታዲያ ‹ከዚያስ?› የሚሉኝስ?»

«ዝም ስትዪ እነቃለኋ።»

ከኋላችን የሰሙት ሳቁ። እኔ መጀመሪያ ክው አልኩ... ከዚያ የራሴም ሳቅ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ።

«ለመተኛትማ እኔ ምን አደርግልዎታለሁ? ለምን በየቀኑ ይጠሩኝ ነበር?»

ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። «ሌሎቹ እየተሯሯጡ ሲያልፉ አንቺ ብቻሽን ትመጫለሽ። አላስችል ይለኛል። ወሬሽን ባልሰማም መምጣትሽን እጠብቅ ነበር... የቀረሽ ቀን እንቅልፍም አይወስደኝ።»

ማርቆስ ደርሰን ጉልበታቸውን ስሜ ተለያየን።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሳልደናቀፍ አወራሁ። መሃል ላይ ከጠያቂዎቹ አንዱ አፉን ከፍቶ አዛጋ። እኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ቀጠልኩ።

ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። አለቃዬ ያው ያዛጋው ሰውዬ ነው... ተስማምተን የምንኖር ይመስለኛል።